ማግኔት

ከሞጆ በጭነት ተጎትታ መጥታ
ከጂርኛ ጋራዥ ደጅ ቆመች አፏን ከፍታ፤
ቀይ አልፋ፣ ባለ ሁለት በር፣
አባቴ በሶደሬ መንገድ ያከንፋት ነበር።

“ቀለሟ እንዳለ ነው” አልኩት በኩራት፤
ጂርኛ ዝም ብሎ ማግኔት አስነካት።
በሩ ላይ ተጣበቀ፣
ኮፋኖው ላይ ተጣበቀ፣
ከኋላ ጎማው በላይ ግን ወደቀ።
ደገመ። ወደቀ።
“ስቱኮ ነው” አለ፣ “አባትሽ የደበቀ።”

ግራይንደሩ ጮኸ፤ ቀዩ ተላጠ፣ ነጩ ዱቄት ሆነ፣
የአዳማ ንፋስ አፍሶ ባጃጆች ላይ በተነ።
ከቀዳዳው የተጠቀጠቀ ጋዜጣ ወጣ፣
ዝገት የጠጣ፤
ቀኑ ግን ይነበባል፦
እኔ ኮሌጅ የገባሁበት መስከረም።

“ለሠርግ አጀብ ቢሆን ይበቃት ነበር” አለ፤
“ለውድድር ግን፣ ኩርባ ላይ፣ ስቱኮ አይታመንም።”
“ደህናው ብረት እስኪገኝ ቁረጠው።”
ቆረጠ። መዳፍ ሙሉ፣ ከዚያ ክንድ ሙሉ፣
እንደ ቆሎ እየረገፈ።
አዲስ ላሜራ ቀጥቅጦ በየዳ፣ ነጥብ በነጥብ፣
ሙቀት እንዳያጣምመው እያሳረፈ።

ሲመሽ ማግኔቱን እጄ ላይ ጣለው።
አስነካሁ። ያዘ።
ቀለሙ ገና ነው።
ጋዜጣውን አልጣልኩም፤
እሱም በጊዜው ይዞ ነበር።