ዓሣው ኮቱን ረሳ

ግሪምስቢ ወደብ ላይ፣ ሌሊት ዘጠኝ ገደማ፣
በረዶ በአካፋ ሲፈለጥ ሲሰማ፣
ሣጥኑ በዓሣ ራስ ተጨናንቆ ሲሞላ፣
አልዶና ከመስመሩ ጥቂት ገለል ብላ
ደብተር ታወጣለች ከሽርጧ መካከል፤
«ዛሬስ?» ትለዋለች፣ ዊልፍ ሲያጥብ ወለል።
ባልዲውን አኑሮ መጥረጊያ ይደገፋል፤
አንድ ብቻ ይሰጣል፤ «ሁለት ሆድ ይነፋል።»

የመጀመሪያው ለት «ድመትና ውሻ ይዘንባል» አላት፤
ጆሮዋን ቀሰረች፤ ከቆርቆሮው በላይ ማንም አልጮኸባት።
«ዶፍ ጣለ ማለት ነው።» «ታዲያ ዶፍ አትሉም?»
«እንጃ፤ ከአያቴ ነው የወረስኩት፤ እሱም አልጠየቀም።»
እሷ ግን ሣለችው፦ ጃንጥላ የነከሰ ውሻ ከነጭራው፣
በእግሩ ሰማይ እየቧጠጠ፣ መሬት ሲጠራው።

ስለ ቤት ኪራይ ሲያወሩ «እጅና እግር ያስከፍላል» ሲላት
ትርጉም አልጠየቀች። አየች ወደ ምላጩ፣
ከዚያ ወደ ጓንቷ፣ ባዶ ወደሆነው ጣት።

«በረዶ መስበር» የሚለው አሳቃት።
«ይኼማ ደሞዜ ነው!»
«አይደለም፤ ከባዳ ሰው ጋር ወግ መክፈት ነው።»
«ታዲያ እኛ ሰብረነዋል?» አለችው።
የዊልፍ ጆሮ ቀላ። ባልዲውን ብድግ አድርጎ
የታጠበውን ወለል ደግሞ አጠበው።

ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣
«ዓሣው ኮቱን ረሳ» አላት። «የጥንት ነው፣ የአጥማጆች፤
ሰዓቱ ሳይሞላ ውልቅ ላለ ሰው ነው፣ ጀርባውን አዙሮ።»
ጻፈች። ዓሣ ሣለች፤ ኮት ሣለች፣ በምስማር ተንጠልጥሎ፤
ማግስቱን አለቃው ትሬቨር ስለቀረው ልጅ ሲጠይቅ «የት አለ?» ብሎ፣
«ዓሣው ኮቱን ረሳ» አለች፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ።
መስመሩ ሙሉ ሳቀ። ቢላዋ ከእጅ ወደቀ።
የአጥማጅም የጥንትም አልነበረ፤
ዊልፍ ነው የፈጠረው፣ ያን ሌሊት፣ ሳይነጋ።

«እግርሽን ጎተትኩት» አላት፣ እንባው እስኪፈስ ስቆ።
እግሯን አየች። «አልነካኸኝም።»
«ቀለድኩብሽ ማለት ነው» አለ፣ አሁን ተሳቆ።
ሁለት ባንድ ሌሊት! ሆዷ ተነፋ። ሦስት ቀን አኮረፈች።
በአራተኛው መጣች። «ሊትዌንያ» አለች፣
«ይኼን ያንተን ሥራ
ጆሮ ላይ ፓስታ መስቀል ነው የምንለው።»
ዊልፍ ወደ ጆሮው እጁን ሰደደ፤
«ሶስም አለው?» አለ፤ ዕርቅ ወረደ።

ትንሿ ውሸት ግን በዊልፍ እጅ አላደረችም፤
ማሸጊያ ክፍል ገባች፣ ከበረዶ መኪና ጋር ወጣች፣
ቅዳሜ መጠጥ ቤት አመሸች፤
ማን ወለዳት ያለም የለም።

የካቲት መጨረሻ። ባልዲው ደረቅ።
ትሬቨር የፕላስቲክ ቆቡን አውልቆ
«ዊልፍ ባልዲውን ረገጠ» አለ።
አልዶና ሄዳ አየች፤ ባልዲው ቀጥ እንዳለ፣
ከግድግዳው ሥር፣ ጨርቁ ጠርዙ ላይ ተሰጥቶ።
«አልረገጠውም» አለች፤ «ይኸው ቆሟል።
ደግሞስ ማን አናዶት?»
ማንም አልሳቀ።
ቀስ ብሎ ገባት፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ባልዲው በመካከላቸው እያለ
ይህችን ብቻ ሳይሰጣት እንደዋለ።

ኮቱ ከመስቀያው ነበር፤ ሰማያዊ፣ ክርኑ የተጣፈ፤
ኪሱ ውስጥ ሚንት ከረሜላ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ ቀኑ ያለፈ።
«ዓሣው» አለች አልዶና፤ «ዓሣው ኮቱን ረሳ።»
ትሬቨር «አዎ» አለ፤ ሌላ የሚለው አጥቶ
መስመሩን አስነሳ።

አሁን አዲስ ልጅ አለች፣ ኢሊንካ፣ ከሮማንያ፤
በሻይ ሰዓት ጓንቷን አውልቃ
ስልኳን ጎረጎረች፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።
«የለም» አለች፤ «እንዲህ የሚባል እንግሊዝኛ የለም።»
«አለ» አለች አልዶና፣ አካፋዋን እያነሳች፤
«ጻፊው።»