ደረጃ ሁለት

አሥር ሜትር ብረት፣ ከጫፉ ሦስት ኩባያ፤
ነፋስ የምቀዳበት የእኔ መለኪያ።
ደቂቃ ሙሉ ሲዞር ዓይኔን ሳልነቅል አይቼ
አማካዩን እጽፋለሁ በእርሳስ አስልቼ።
ለሀቫና በስልክ ቁጥሬን ስነግራቸው
«ይደገም» ይላሉ፤ አይሰማም መስመራቸው።

ስልሳ ሦስት ኪሎሜትር በሰዓት ሲሮጥ
ስም ይወጣለታል፣ አርባ ቀን ሳይቀመጥ።
መቶ አሥራ ዘጠኝ ሲል ሀሪኬን ነው፣ ደረጃ አንድ፤
ቆርቆሮ ይነሣል፣ ይሰግዳል የሙዝ ግንድ።
መቶ ሃምሳ አራት፣ ሁለት። ሥር ይላላል።
መቶ ሰባ ስምንት፣ ሦስት። ጣሪያ ይበራል።
ሁለት መቶ ዘጠኝ፣ አራት። ከዚያ ወዲያ
ብረቱም አይነግረኝ፣ ይሄዳል ኩባያ።
አምስት የሚጀምረው ከሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት፤
ማብቂያ ግን የለውም። አልጻፉም ስድስት፤
ለስድስት የሚፈርስ የቀረ ነገር የለም።

አንድ ነገር ላክል፦ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን
ጡጫው አራት እጥፍ ነው። ይህን ቀመር እኔን
ያስተማረኝ በር ነው፣ ትከሻዬን ሰጥቼው፣
እሱ ወደ ውስጥ ሲገፋ፣ እኔ ወደ ውጭ ገፍቼው።

ጎረቤቴ ኔሜሲዮ፣ ትንባሆ አድራቂው፣
«ስንት ነው?» አይለኝም፤ «ከወዴት?» ነው ጥያቄው።
ከጓሮው ጎጆ አለው ግድግዳ የሌላት፣
ጣሪያዋ መሬት ነክሶ ደፍቶ ያስተኛት፤
ሰማይ ሲጠቁርበት እዚያ ይገባል፣
«ያልቆመን ማን ይጥላል?» እያለ ይስቃል።

ሰው ሁሉ ስለ አምስት ሊሰማ ይመጣል፤
እኔን ከእንቅልፌ የሚያነቃኝ ሁለት ይባላል።

ወንድሜ ኤርሜሊንዶ ደወለ ከወንዝ ዳር፤
«ስንት ነው?» አለኝ። «ሁለት» አልኩት፣ ያየሁትን ነገር።
«ሁለት?» ብሎ ሳቀ። «ለሁለት ማን ይሸሻል?
ጥጆቼን ልፍታቸው፤ ነገ ብመጣ ይሻላል።»

ነፋሱ አልዋሸኝም፤ መቶ ስልሳ ነበር።
ውኃ ግን አያውቅም ሚዛኔ ሲቆጥር።
ማዕበሉ እግሩ ዝሎ ተራራው ላይ ቆመ፣
ሁለት ቀን ሁለት ሌሊት እዚያው ላይ ከረመ፤
ኩያጉዋቴሄ ወንዝ አልጋውን ጥሎ
መንደር ውስጥ ገባ የአጥር እንጨት አዝሎ።

በሦስተኛው ቀን ጥጆቹ ተገኙ፣
ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ፣ ጭቃ ለብሰው፣ ሦስቱም በሕይወት።
አንገታቸው ላይ ገመድ አልነበረም።
ፈትቷቸዋል።

ኔሜሲዮ መጣ። አጠገቤ ተቀመጠ።
ስንት እንደነበረ አልጠየቀኝም፤
ከወዴት እንደመጣም።

መዝገቡ «አስተያየት» የሚል ዓምድ አለው፤
የዚያን ቀን ባዶ ነው።
አለቃዬ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፤ እርሳሱን እይዝና
መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ዛሬም ኩባያው ዞሮ ዞሮ እዚያች ቁጥር ላይ ሲደርስ፣
ስልኩን አንሥቼ «ሁለት» ስል፣
ድምፄ ይቀጥናል።

«ይደገም» ይላሉ።