ሩቅ ወንድ

ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣
ከሥጋው ፋብሪካ ስንፈታ፣
ቢላ ሲጨብጥ የዋለ ጣት እርሳስ ለመያዝ ሲያመነታ፣
ብሩክስ ቤተ መጻሕፍት፣ ምድር ቤት፣ የልጆች ወንበር ላይ እንሰየማለን፤
ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ፣ እንደ እንቁራሪት ተኮራምተን።
ሮሜል ያንቀላፋል። ኛኩም የእስክሪብቶ ክዳን ታኝካለች።
በሚስስ ሃልቮርሰን እጅ፣ ሰሌዳው ላይ፣ አንዲት ፊደል ትንጠለጠላለች፦
ኤስ።

«እኔ» ሲሆን አትገባም፣ «አንተ» ሲሆን አትገባም፣
«እሱ» ሲሆን ግን ያለ እሷ ግሱ አይረባም።
እንደ ላላ ቁልፍ ከአፌ ትረግፋለች፤
ሌሊት ሳነበንባት አድሬ፣ ጠዋት ፎርማኑ ፊት ጥላኝ ትጠፋለች።

የእኔ ቋንቋ ግሱ ባለ ቤተሰብ ነው፤
«አልነገርኩትም» ስል፣ እኔም፣ እሱም፣ የተዋጠው ወሬም፣ ባንድ ጣራ ሥር ነው።
እዚህ አምስት ቃል፣ አምስት ክፍል ተከራይቶ፣
ለየራሱ ይኖራል፣ በሩን ዘግቶ።
«እኔ» የምትባለው ደግሞ በትልቁ ካልተጻፈች አይሆንም፤
እኛ ዘንድ ግስ ጅራት ላይ ተሸሽጋ ነበር የምታልፍ፣ ማንም ልብ አይላትም።
የሰባ ዓመት ሴት ከጎረምሳ ጋር ባንድ ቃል ልጥራ?
«‘እርስዎ’ የሚባለው የት አለ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣
«የለንም» አሉኝ፣
ስኳር እንዳለቀበት ባለ ሱቅ እጃቸውን ዘርግተው።
(እኔ ግን በልቤ «አንቱ» እንዳልኳቸው ነው።)

ወንድሜ አንዳርጌ ነው ልጅ ሆኜ ያስጠናኝ፣
«ሰዋስው ማለት መሰላል ነው፣ እየረገጥሽ ውጪ!» እያለ የሚቆጣኝ።
«የሚናገር አለ። የምትሰሚው አንቺ፣ ቅርብ ሴት ነሽ።
ከፊታችን የሌለው፣ ሩቅ ወንድ ይባላል። ገባሽ?»
ሩቅ ወንድ! ሳቅኩ።
ጋራውን ሊዞር የቀረበ መንገደኛ ታየኝ፣
ብጠራው የማይሰማኝ።

ባለፈው ሐሙስ ስለ ቤተሰብ ጻፉ ተባልን።
«ሃዝ»ን ገና መማራችን ነው፤ ትናንት ተጀምሮ ዛሬም ላላለቀ ነገር።
«ወንድሜ እዚሁ ፋብሪካ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል» ብዬ ጻፍኩ።
ሃዝ ወርክድ። ኤስዋ እንኳ ሆዱ ውስጥ አለች። ኮራሁ።
ሚስስ ሃልቮርሰን አጎነበሱ፦ «አሁንም እዚያው ነው?»
«አይደለም፤ ጥር ላይ፣ መንገዱ በረዶ፣ መኪናው...»
ግሱ ጠፋኝ።
ቀዩ እስክሪብቶ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፣
ከዚያ «ሃዝ» ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ዋለ።
«ይቅርታ» አሉ። «ይሄ በሕይወት ላለ ሰው ነው።»

ሰው ሲሞት ድንኳን እንደሚተከል አውቃለሁ፣
ማቅ እንደሚለበስ አውቃለሁ፤
ግስ እንደሚቀየር ማን ነግሮኝ?
የእኛው «ሠርቷል» እኮ ባለቤቱ ቢቀበርም ከቦታው አይነቀልም።
አልተከራከርኩም።
«ወርክድ» ብዬ ገለበጥኩ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ።

ስንወጣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ነበር።
መኪናዬ እስኪሞቅ አብረውኝ ቆሙ፣ ከቴርሞስ ሻይ እየቀዱልኝ።
«ካርል ሻይ በሎሚ ይወዳል» አሉ።
«ካርል በረዶ ይጠላል፤ ደጁን ግን ራሱ ካልጠረገ እንቅልፍ አይወስደውም።»
ላይክስ። ሄትስ።
እንደ ጥፍር የጠበቁ ኤሶች፣ አንዷም አልረገፈች።

ካርልን አውቀዋለሁ። ፎቶው መግቢያው ላይ ተሰቅሏል፣
ከሥሩ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በአጭር ሰረዝ የተያያዙ።
ማረም እችል ነበር፤ ሕጉን ያስተማሩኝ እሳቸው።
ቀይ እስክሪብቶ ግን አልያዝኩም፤
ብይዝም በዚያ ብርድ ቀለሙ ይረጋ ነበር።

«ጥሩ ሰው ነው» አልኳቸው በእንግሊዝኛ፣
ኤስዋን ጥርሴ ላይ አጥብቄ።
ቀና ብለው አዩኝ።
«ትክክል» አሉ።