ገጽ አርባ ላይ የቆመች መርከብ

ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ ጎን፣ ደረጃ ወርደው በስተግራ፣
አሥራ አንድ ዓመት ፊደል ለቀምኩ፣ እንደ ዶሮ፣ በየተራ።
ማመልከቻ፣ ውክልና፣ የመመረቂያ ጥናት፣
በመካከሉ ልብ ወለድ፣ በእጅ የተጻፈ በሌሊት።
የዘመኑን ነፋስ ማን ያውቃል? ሃያሲው? አሳታሚው?
ቀድሞ የሚያውቅ ጣቴ ነው፣ ለገጽ አሥር ብር የሚለቅመው።

መጀመሪያ ዘንዶ መጣ። ዘንዶም አይደለም፣ ድራጎን፤
ቤተ መንግሥቱ ባሕር ማዶ፣ የጀግናው ስም አልያዝ ያለን፤
ማራኪ ላይ አመዳይ ጣለ፣ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ፤
«አመዳይ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት ደሴውን። «በማንበብ።»
(ደባርቅ እንኳ ሄዶ አያውቅም።)

በዓመቱ መርከብ በዛ፤ ሁሉም ሰማይ ቀዳጅ፣
ሁሉም ካፒቴን፤ አንድም የለም ጎማ ቀያሪ፣ አንድም ወላጅ።
ካቻምና የሚያስብ ማሽን፤ የሚያፈቅር፣ የሚከዳ፤
ዘንድሮ የዓለም ፍጻሜ ነው፣ በየደብተሩ ምድረ በዳ።
በዚህ ወር ብቻ አራት ጊዜ ዓለምን በእጄ አጠፋሁ፤
አምስተኛውን ስጀምር ቀለም አለቀና ተረፋችሁ።

መምህር ጓንጉል፣ ለጡረታ ደብዳቤ የሚመላለስ ሰው፣
በትከሻዬ ላይ ያነባሉ፣ ንዴት እየናጣቸው፦
«ይሄ ሁሉ ሽሽት ነው! ጤፉ ስንት ገባ? እሱን ጻፉ!
በሌለ አገር፣ በሌለ ሰው፣ በሌለ ጦር አትልፉ!»

ደሴው ብድግ አለ፦ «ጅብ ጭኖ፣ በሌሊት ሽቅብ የሚወጣ፣
እየተባለ የታማ ሰው፣ እሱስ ከየት አገር መጣ?
ዛር በፈረሱ ተቀምጦ፣ ስሙን ጠርቶ ሲፎክር፣
እርስዎ ሰፈር አልነበረም? ያኔ ማን ውሸት ይል ነበር?»
«እሱ ልማድ ነው» አሉ መምህር። «ልማድ ማለት» አለ ደሴው፣
«ደራሲው የጠፋ ድርሰት ነው፤ የእኔ ጥፋት፣ ስም አለው።»

እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ማተሚያው ወረቀት አንቆት ነበር።
ማስተዋል ገባች፤ ከአዘዞ፣ ዝናብ የነካው ክላሰር፤
ቀን የቁጠባ ማኅበር ሒሳብ፣ ማታ ኮከብ የምትቆጥር።
የኋለኛው ገጽ ቀለሙ ፈሶ፣ በቃሏ ነው የምታስጽፈኝ፣
እየፈጠረች፣ እየሰረዘች፣ ጣቴን ቀድማ ስታልፈኝ።

በእሷ መርከብ ካፒቴን የለም። መርከቧ አዘዞ ሜዳ አረፈች፤
ዘበኛው መዝገብ ዘረጋ፤ «የየት ቀበሌ ነሽ?» ዝም አለች።
ሦስት ቀን ተሰለፈች፤ ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዶ፤
በክንፏ ላይ ልብስ ተሰጣ፤ ሊስትሮው ጥላዋን ለምዶ።

ገጽ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ጎንደር፤
ቧንቧው ሲከፈት ውኃ አለ፤ ያለ ፈረቃ፣ ያለ ግርግር።
መምህር መነጽር አወለቁ፤ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ፤
«መርከቧስ እሺ ትምጣ፤ ይሄን ማን ያምናል?» ብለው ጠየቁ።
ከዚያ ዝም። ረጅም ዝም። «ድገሚልኝ» አሉ ቀስ ብለው፣
«ያን የቧንቧውን ቦታ።» ወንበር ሳቡ፣ ደብዳቤያቸውን ረስተው።

ገጽ አርባ፦ መርከቧ ልትሄድ፣ መሬት ለቃ፣ ስንዝር ያህል፣
የልብሱ ገመድ ሳይፈታ፣ ሊስትሮው ቀና ብሎ «ወዴት?» ሲል፣

መብራት ሄደ።

ሴቭ አላደረግሁም። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁ ሰው!
ስክሪኑ ጥቁር ጉድጓድ፤ መርከቧ ከነልብሱ እዚያው።

ማንም አልወጣም። ደሴው የስልኩን ባትሪ አበራ።
መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሙግቱ መጣ ብዬ ስፈራ፣
«ስንዝር ያህል ተነሥታ ነበር» አሉ፣ «ልብሱም ገና አልደረቀም።
ከዚያ ቀጥይ።»

መብራት የመጣው ማታ በሦስት ነው። ገጹን እንደገና ጻፍኩት።
የአንዱን ብቻ ነው ያስከፈልኩት።
በሁለተኛው፣ ሊስትሮው ቀና ሲል «ወዴት?» አይልም፤
«ጠብቂኝ» ይላል። የማን ቃል እንደሆነች አልናገርም።