ቋጠሮ

የመሐል ሜዳ ሰው፣ ባና ሲሸምት፣
ደብሪቱን ይጠራል፤ ጣቷ ዐይን አለበት።
ዐይኗን ጨፍና ነው የምትዳብሰው፤
"እዚህ ጋ ቋጠሮ፣ እዚያ የሳሳ ነው"
ትላለች። አትስትም።

ያቺው ጣት አንድ ማታ፣ ከግራ ጡቷ ሥር፣
አገኘች ሽንብራ የሚያህል ነገር።
አያምም። ስለማያምም ዝም አለች።
ገብስ ታጨደ፣ ተወቃ፤
ጋቢዋን አጥብቃ ስምንት ወር ከረመች።
ለማን ይነገራል? ለባል? ለንስሐ አባት?
ጡት የሚባል ቃልስ፣ ልጅ ካልጠባበት፣
በየትኛው አፍ ይውጣ?

ጠበል ቦታ፣ ልብሷን ስታወልቅ፣
አመልማል አየቻት፣ የወንድሟ ሚስት።
አልጮኸች፣ አላማተበች።
"ቆዳሽ እንደ ሮቢት ብርቱካን ሆኗል" አለች፤
"ጠበሉንም ጠጪ፤ ነገ ግን መኪና አለ።"

ሌሊት ተነሡ፣ ውርጩ ሣሩን ሳይለቅ፣
ባንድ ባና ሁለት ሆነው፣ እስከ ደብረ ብርሃን።
ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ እጇ ይቀዘቅዛል።
"ስምንት ወር?" አለች።
ሌላ ቃል አልጨመረች።

ጡቷ እዚያው ቀረ፤ ጠጉሯም ተከተለ።
ባሏ ተሰማ፣ ማጽናናት የማያውቀው፣
ጀሪካን ተሸክሞ፣ ወንዱ ሁሉ እየሳቀ፣
ከምንጭ ውሃ ቀዳ፤ አንድ ቀን አላጓደለ።

ዛሬ ገበያ ናት፣ ሻሿን አስራ፣
አንድ ጎኗ ዝቅ ብሎ።
ባናውን ዳብሳ፣ ጠጋ ትልና በገዢዋ ጆሮ፦
"የራስሽንስ ዳብሰሻል? ከብብትሽ ጀምሪ።
በጊዜ ከተገኘ ይፈታል ቋጠሮ።
እኔ ስምንት ወር ከፈልኩ፤ አንቺ እንዳትከፍዪ።"
ከዚያ ቀና ብላ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፦
"ግዢው ባናውን! እሱስ ንጹሕ ነው።"