የሙከራው ወረቀት

ቦዶ ላይ ኅዳር ነው፤ ፀሐይ ገና በቀትር ትጠልቃለች፣
ራግንሂልድ አምፖል አብርታ ወረቀት ትዳስሳለች።
በኮምፒውተር የለቀመችው የአልበም ገጽ ተዘጋጅቷል፤
ኦድቫር፣ ጀልባው፣ የመጨረሻው በጋ።

አንጸባራቂው ባሕሩን ያሰማምረዋል፣
ግን ዘንበል ስታደርገው የራሷ ፊት ይደረባል
በኦድቫር ፊት ላይ።
«ይሄስ መስታወት ነው» ብላ ገፋችው።

ደብዛዛው፣ ባለ ሁለት መቶ ግራሙ፣ ለእጅ ለስላሳ፤
ማተሚያው ግን አልዋጥ አለው፤ አኘከው፣ ተፋው፣ አገሳ።

የቀረው የሙከራው ነው፤ የቢሮ ወረቀት፣ ስስ፣
ቀለም ጠጥቶ ያበጠ፣ ሲይዙት የሚልፈሰፈስ።
ግራጫ ሰረዞች ከሰማዩ እስከ ጀልባው ወርደውበታል።

ልትቀደው አነሳች።
ቆመች።
ያን ቀንኮ ዘንቦ ነበር፤
ካሜራው የዘለለውን ካፊያ
ይሄ ርካሽ አልረሳም።

የሙጫውን ክዳን ከፈተች።