ለጎረቤት የተተወ ወረቀት

ኤሊኔድ ሰሞኑን ባጥሯ ድንጋይ ላይ
ከነሙሉ ቦርሳ ስትመላለስ ሳይ፣
«በስልሳ ዓመቷ ነካት!» ብዬ ነበር።
ለካስ ልምምድ ኖሯል፤ ሚዛን፣ የእግር ነገር።

«ክሪብ ጎኽ» አለችኝ፣ «ቀይ የድንጋይ ስለት፣
ግራው ገደል ሲሆን ቀኙ የባሰበት፤
ከንጋት እስከ ምሽት እዚያ ነው ምውልበት።»

የዱቄት ሚዛኗን ጠረጴዛ አውጥታ
ካልሲ ትመዝናለች፣ ዳቦ፣ ባትሪ፣ ካርታ።
ገመዱ ይከብዳል፤ መነጽሯስ ይቅር?
ከውኃው ግን ወይ ፍንክች! አትቀንስም ጠብታ።

«ከቀትር ወዲያ ነፋስ» ሲል ሬዲዮው ሰማች፤
የማንቂያ ደወሏን ባንድ ሰዓት አስቀደመች።

ማታ በሬን መታ ወረቀት ሰጠችኝ፦
«እስከ ሁለት ሰዓት ካልመጣሁ
ለነፍስ አድኖቹ ደውዪልኝ።»
ሄዳ ተመለሰች፤ «እርሳስ አለሽ?» ብላ፣
ሁለቷን ሰርዛ ሦስት ጻፈች ቀለል ብላ።

ሦስት ትበል እንጂ፣
እኔ ካስራ አንድ ጀምሮ
መስኮቱ ሥር ነኝ።